ባሏ ማን እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ሪፕላይ 1988» ስለተባለው የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ሁለት መስመር ብጽፍ የደብዳቤ ዶፍ ወረደብኝ። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ በሙሉ ለእሱ ተለቋል። ላላዩት ባጭሩ፦ ድራማው ቲቪኤን በተባለው የኮሪያ የኬብል ጣቢያ ከኖቬምበር 2015 እስከ ጃንዋሪ 2016 የተላለፈ ሲሆን 20 ክፍሎች አሉት። ያዘጋጀው ሺን ዎን ሆ፣ የጻፈችው ሊ ዉ ጆንግ ናት። ታሪኩ የሚካሄደው በሴኡል፣ ሳንግሙን ዶንግ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ በሚኖሩ አምስት ቤተሰቦች መካከል ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዶክሰን ናት፤ ጆንግ ሁዋን፣ ቴክ፣ ሶኑና ዶንግሪዮንግ የሰፈር ጓደኞቿ ናቸው፤ ባሏ የሚሆነው ማን እንደሆነ ደግሞ ድራማው እንደ እንቆቅልሽ ይዞ ይጓዛል። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በኛ አቆጣጠር ስጽፍ እናገራለሁ። ፍጻሜውን አስቀድሞ መስማት የማይፈልግ ሁለተኛውንና ስድስተኛውን ጥያቄ ይዝለል።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ካላየሽው ብለው ስለወተወቱኝ ጀመርኩት። ሦስት ክፍል አየሁ፤ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ደግሞ ይበላሉ። ፍቅር የለ፣ ክፉ አማት የለ፣ የባለሀብት ልጅ የለ። አንዱ ክፍል ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ልቀጥል ወይስ ልተወው?» — ከባሕር ዳር

ልጄ፣ ድራማውን ከብዙ ተቺዎች በተሻለ ገልጸሽዋል። ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ደግሞ ይበላሉ፤ እስከ ሃያኛው ክፍል ድረስ ይኸው ነው። በአራተኛው ክፍል አንድ የኩባንያ ወራሽ ከጥቁር መኪና ይወርዳል ብለሽ ተስፋ አድርገሽ ከሆነ ዛሬውኑ ተይው፤ ፈተናሽን አጥኚበት።

ከመተውሽ በፊት ግን የመጀመሪያውን ክፍል ምግቡን ብቻ እየተከተልሽ ደግመሽ እይልኝ። መሽቷል፣ እራት ቀርቧል። እናቶቹ ከሠሩት ላይ በሳህን እየቀነሱ ልጆቻቸውን ወደ ጎረቤት ይልካሉ። ዶክሰን ሳህን ይዛ ወጥታ ሌላ ሳህን ይዛ ትመለሳለች፤ እንደገና ትላካለች። በመጨረሻ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በየእጃቸው ሳህን ይዘው መንገዱ ላይ ይተላለፋሉ፤ አንደኛው እንዲህ ከሆነማ ለምን ሁላችንም አንድ ላይ አንበላም ብሎ ያጉረመርማል። ቤት ደርሰን ስናይ እናት ሩዝ ብቻ ያቀረበችበት ገበታ በጎረቤት ወጥ ተሞልቷል። ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ከአንድ ልጁ ጋር የሚኖረው የቴክ አባት ቤትማ ከሁሉም ይልቅ ሞልቶ ተርፏል። ማን ሀብታም፣ ማን ድሃ፣ ማን ብቸኛ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ አንድም ሰው ሳይነግረን አወቅን። ይህን «ምንም አልተደረገም» ካልሽ እኔና አንቺ አንግባባም።

አሁን ደግሞ ወደ ዕንቁላሉ እንምጣ። የዶክሰን አባት የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ግን ለሰው ዋስ ገብቶ ዕዳ ስለተሸከመ ቤተሰቡ ግማሹ ከመሬት በታች በሆነ ቤት ውስጥ ይኖራል። ጠዋት እናት ሁለት ዕንቁላል ትጠብሳለች። አንዱ ለታላቂቱ ለቦራ፣ አንዱ ለታናሹ ለኖውል። ለመካከለኛዋስ? አንቺ ባቄላ ትወጃለሽ ተብላ ታልፋለች። የልደት ቀኗም በጥቂት ቀን ልዩነት ከእህቷ ጋር ስለሚገጣጠም በየዓመቱ አንድ ኬክ ለሁለት ይቆረሳል፤ ለቦራ የበራው ሻማ ይነቀልና ለእሷ እንደገና ይለኮሳል። ዘንድሮስ ለብቻዬ አድርጉልኝ ብላ አስቀድማ ለምና ነበር። ያው ኬክ ሲመጣ ትፈነዳለች፤ እየተንሰቀሰቀች የምትቆጥረው በደል ታዲያ ስለ ኬኩ ብቻ አይደለም፤ እኔም እኮ ዕንቁላል እወዳለሁ ትላለች።

በዚያው ክፍል ሌሊት የከሰሉ ጋዝ ቤቱን ይሞላዋል። ያን ጊዜ የኮሪያ ቤቶች ወለል የሚሞቀው ዮንታን በሚባል ክብ የድንጋይ ከሰል ነበር፤ የከሰል ጋዙ ስንጥቅ ካገኘ የተኛን ሰው አያስነሣም። እኛም አገር በክረምት ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው ጠዋት አይነሣም፤ ስለዚህ ነገሩን ማስረዳት አያስፈልገኝም። እናትና አባት ተደናግጠው አንዱ ቦራን፣ አንዱ ኖውልን ጎትተው ያወጣሉ። ዶክሰን እየተሳበች በገዛ ራሷ ትወጣለች። ድራማው ይህን የሚያሳየን እያሳቀ ነው፤ እኔ ግን ወላጆቹ ክፉ ስላልሆኑ ነው ያመመኝ። ሁለት ወላጅ ነበረ፣ ሁለት ሰው ወጣ፤ ሦስተኛዋ ጠንካራ ናት ተብሎ ተረሳ።

ሰው ሁሉ የሚያነሣልሽ ከዚያ በኋላ አባትየው ትንሽ ኬክ ገዝቶ መንገድ ላይ ጠብቋት፣ አባትም ሲወለድ አባት ሆኖ አይወለድም፣ ለእኔም የመጀመሪያዬ ነውና ይቅር በይኝ የሚላትን ነው። ጥሩ ንግግር ነው። እኔ ግን ዕንቁላሉን እመርጣለሁ። ዕንቁላሉ ካልያዘሽ ኬኩም አይይዝሽም፤ ያን ጊዜ በሰላም ተይው።

«ሪያድ ሰው ቤት እሠራለሁ። ማታ ሥራዬን ጨርሼ ክፍሌ ስገባ በስልኬ ነው ያየሁት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጆንግ ሁዋንን ይዤ ነበር። በተጨናነቀው አውቶቡስ ሰው እንዳይገፋት በሁለት እጁ አጥር ሲሠራላት ባሏ ይኼ ነው ብዬ ማልኩ። በመጨረሻ ቴክ ሆነ! ከደራሲዋ ጋር ተጣልቻለሁ። አታለለችን ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?» — ከሪያድ

እኅቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም፤ ኮሪያም ለሁለት ተከፍላ ነበር። ባልየው ጆንግ ሁዋን ነው የሚለው ወገንና ቴክ ነው የሚለው ወገን በየሳምንቱ እያንዳንዱን ልብስ፣ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሲያገላብጥ ነው የከረመው። የመጨረሻው ክፍል 18.8 በመቶ ተመልካች አግኝቶ በወቅቱ ለኮሪያ የኬብል ድራማዎች ክብረ ወሰን የሆነውም ይህ እንቆቅልሽ ሰውን ሰቅዞ ስለያዘ ጭምር ነው።

በውሳኔው ላይ ከደራሲዋ ጋር ነኝ። ጆንግ ሁዋን ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን አልተናገረም። ጓደኛው ቴክ ዶክሰንን እንደሚወድ በሰማ ጊዜ ወደኋላ አለ፣ ከዚያም ዓመታት አለፉ። በ1994 በዚያች የሙዚቃ ዝግጅት ምሽት፣ ብቻዋን ቆማ እንደሆነ ሲሰማ መኪናውን አስነሥቶ ይበራል፤ የትራፊክ መብራቱ ግን በየመገናኛው ቀይ ይሆንበታል። ሲደርስ ቴክ ቀድሞታል። ቴክ የባዱክ ተጫዋች ነው፤ በጥቁርና በነጭ ጠጠሮች የሚደረገው የዚህ ጨዋታ ሻምፒዮን ሆኖ ሕይወቱ ሁሉ ያ ሰሌዳ ነው፤ በዚያ ምሽት ግን ውድድሩን ጥሎ ነው የመጣው። ጆንግ ሁዋን ራሱ መሪውን እንደያዘ ጥፋቱ የመብራቱ ሳይሆን የራሱ ማመንታት መሆኑን ያምናል። እሱ ካመነ አንቺ ለምን ትሟገቺለታለሽ?

ስለ ማታለሉ ግን እውነትሽን ነው፤ እዚህ ላይ ድራማውን አልምረውም። በየክፍሉ መካከል ጎልማሳዋ ዶክሰንና ጎልማሳው ባሏ በ2015 ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲጠየቁ እናያለን። ባልየውን የተጫወተው ኪም ጁ ህዮክ ነው፤ በ2017 በመኪና አደጋ ያረፈው ተዋናይ። አነጋገሩ፣ ሚስቱን ማብሸቁ፣ ምላሱ፣ ሁሉም የጆንግ ሁዋን ነው። ያ ዓይን አፋር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የጫማ ክር ማሰር የሚከብደው ቴክ አርጅቶ እንዲህ ቀልደኛ ሆነ ብለው እንድናምን ይፈልጋሉ። ሰው ይለወጣል፤ እሺ። ግን ተመልካች እንዲሳሳት ተብሎ ብቻ የተለወጠ ሰው ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ ወጥመድ ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በራሷ በዶክሰን ላይ የደረሰው ነው፤ ስለዚህኛው የሚጽፍ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም። መጀመሪያ ሶኑን ወደደች፤ ለምን? ጓደኞቿ ይወድሻል ስላሏት። ሶኑ የሚፈልገው እህቷን ቦራን ሆኖ ሲገኝ አለቀሰች። ከዚያ ጆንግ ሁዋንን ማየት ጀመረች፤ ለምን? አሁንም ጓደኞቿ ይወድሻል ስላሏት። ያ ቀልደኛው ዶንግሪዮንግ አንድ ቀን ቁም ነገረኛ ሆኖ ማን እንደሚወድሽ ተዪውና አንቺ ማንን ትወጃለሽ ይላታል። በድራማው ውስጥ ከተጠየቁት ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ዕንቁላል ሲታደል የተዘለለችው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደምትፈልግ ተጠየቀች። ታዲያ መልሱን ስትፈልግ ማየት አይገባንም ነበር? ታሪኩ ግን ወደ 1994 ይዘላል፤ ስንደርስ የበረራ አስተናጋጅ ሆናለች፣ ልቧም በሆነ መንገድ ወስኗል። እንቆቅልሹ እንዳይፈታ ሲባል የልቧ በር ተዘጋብን። ሁለት ወንዶች ስለ እሷ ያሰቡትን እያንዳንዷን ነገር እናውቃለን፤ እሷ ስለ እነሱ ያሰበችውን ግን እንድንገምት ተተውን። ኩርፊያሽን ለዚህኛው ብታደርጊው ደስ ይለኛል።

«ባለቤቴ ይህን ድራማ እያየች ታለቅሳለች። ሳቂ ስትባል ታለቅሳለች፣ ለምን ታለቅሻለሽ ስላት "አይገባህም" ትለኛለች። ሃያ ክፍል ለማየት ጊዜ የለኝም። የትኛውን ባይ ይገባኛል?» — ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ «አይገባህም» ማለት «መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥ» ማለት ነው፤ ይህን ግን በነጻ ነው የነገርኩህ። ሁለተኛውንና አምስተኛውን ክፍል እይ።

በሁለተኛው ክፍል የዶክሰን አያት ይሞታሉ። ልጆቹ እያለቀሱ ገጠር ሲደርሱ አባታቸውና አክስቶቻቸው ከለቀስተኛው ጋር ይጠጣሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እንግዳ ያስተናግዳሉ። ልጆቹ ግራ ይጋባሉ፤ እናታቸው ሞታ እንዴት ይስቃሉ? ከዚያ ሌሊት ላይ በአሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድማቸው ይደርሳል። እሱን በር ላይ እንዳዩት እነዚያ ሲስቁ የዋሉ ጎልማሶች ተቃቅፈው እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። እኛ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ያደግን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። እንግዳ እያስተናገደ፣ ሻይ እየቀዳ፣ «ብሉ እንጂ» ሲል የዋለው ልጅ ከውጭ የምትመጣው እኅቱ ከኤርፖርት ስትደርስ ምን እንደሚሆን አይተሃል። የኮሪያ ደራሲ ከኛ ድንኳን አልቀዳችውም፤ ባየሁት ቁጥር ግን ትከሻዬን ይዤ ነው የማየው።

አምስተኛው የእናቶች ክፍል ነው፤ እኔ ድራማውን የምወድበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሦስቱ እናቶች፣ ኢልሁዋ፣ ሚራንና ሶንዮንግ፣ በራፍ ላይ ባለው ሰፊ የእንጨት መደብ ተቀምጠው አትክልት እየለቀሙ የሰፈሩን ወሬ ይሰልቃሉ። ሶንዮንግ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጅ የምታሳድግ ድሃ ናት። እናቷ ከገጠር ሊጠይቋት ሲመጡ እንዳይጨነቁ ብላ ከጎረቤት ከሰልና ቀለብ ተበድራ ቤቱን የሞላ ታስመስላለች። እናት ግን እናት ናቸው፤ ዓይናቸው የተቀደደውን ያያል። ምንም ሳይናገሩ ይሄዳሉ፤ ከሄዱ በኋላ በፖስታ ያስቀመጡት ገንዘብ ይገኛል። ሶንዮንግ ስልክ ደውላ እማዬ ካለች በኋላ ሌላ ቃል አይወጣትም።

በዚያው ክፍል ቦራ በተማሪዎች ሰልፍ ምክንያት በፖሊስ ትያዛለች። የ1987ቱ ታላቅ ሕዝባዊ ንቅናቄ ወታደራዊውን መንግሥት በቀጥታ ምርጫ እንዲስማማ አስገድዶት ነበር፤ በ1988ም ግን ተማሪው ከአደባባይ አልወጣም። ቦራ የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ግትር ናት፣ አልሳሳትኩም ይቅርታም አልጠይቅም ትላለች። እናቷ በዝናብ ስትሮጥ ወድቃ እግሯ ደምቷል፤ እሷ ግን ፖሊሶቹ ፊት ቆማ ልጄ እንዲህ ያለች ጎበዝ ናት፣ ከድህነት ወጥታ እዚህ የደረሰች ናት እያለች ትለምናለች። ቦራ ዓይኗ የእናቷ እግር ላይ ሲያርፍ ግትርነቷ ይሰበራል። እዚህ አገር በደርግ ዘመን ሳህን ይዘው በየቀበሌው በር የቆሙ እናቶች ልጆች ነን፤ ባለቤትህ ምናልባት የምታለቅሰው ለኮሪያ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጠይቃት።

«የልጅ ልጆቼ ሲያዩ አብሬ አየሁ። ልጅቱ በኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ የማዳጋስካርን ስም የያዘ ሰሌዳ ልትሸከም ስትለማመድ ከርማ፣ አገሪቱ ቀረች ተባለና የኡጋንዳን ይዛ ወጣች። የእኛስ? አጎቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበር። ለኮሪያ ደማችንን ያፈሰስን ሰዎች በዚያ ሰልፍ ላይ ነበርን?» — ከደሴ

አልነበርንም፣ ጋሼ። መስከረም 7 ቀን 1981 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ሴኡል ስታዲየም 159 አገሮች ሲሰለፉ እኛ ቤታችን ነበርን። ሰሜን ኮሪያ ጨዋታውን በጋራ ላዘጋጅ ብላ ሳይሳካላት ቀርታ ስታኮርፍ፣ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም መንግሥት አብሯት አኮረፈ፤ ኩባም እንዲሁ። የሚያበሳጨው ደግሞ ሞስኮና ቤጂንግ ራሳቸው መሄዳቸው ነው። በ1984 የሎስ አንጀለሱን ከሶቪየት ጋር አብረን ቀረን፤ በ1988 ሶቪየት ስትሄድም ቀረን። በ1951 ወታደር የላክንላት አገር በ1988 አንድ ሯጭ አልላክንላትም።

ከሁሉ የተጎዳው በላይነህ ዴንሳሞ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ክብረ ወሰኑም 10 ዓመት ያህል ሳይደፈር ቆይቷል። የሴኡሉን ማራቶን ጣሊያናዊው ጄሊንዶ ቦርዲን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ አሸነፈ፤ ነሐሱን የጎረቤታችን የጅቡቲው አህመድ ሳላህ ወሰደ። የኦሎምፒክ ሩጫ ለሜዳሊያ እንጂ ለሰዓት አይሮጥም፤ ስለዚህ በላይነህ ቢኖር ያሸንፍ ነበር ብዬ አልምልም። መነሻው መስመር ላይ እንኳ መቆም አለመቻሉ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዶክሰን እኩያዬ ናት፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በድራማው ያቺ ልጅ የማዳጋስካርን መቅረት ሰምታ የምታለቅሰውን ለቅሶ ከልጅ ልጆችዎ ይልቅ እርስዎና እኔ እንረዳዋለን። ለደራሲዋ አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ከቀሩት አገሮች መካከል የእኛን መርጣ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት!

«የ14 ዓመት ልጄ እያየችው ነው። ጉዳት አለው?» — ከሐዋሳ

ራቁትነት የለውም፣ ደም የለውም። ስካር ግን ሞልቷል፤ የዶክሰን አባት በየምሽቱ እየተንገዳገደ ነው የሚገባው፤ ድራማውም ይህን እንደ ሳቅ ያልፈዋል። ቦራ ደግሞ ታናናሾቿን ፀጉር እየያዘች ትደበድባለች፤ ይህም እንደ ቀልድ ይታለፋል። ስድቡም ብዙ ነው። እነዚህን አብረሻት እያየሽ ተነጋገሩባቸው። ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የምታይበት ሰዓት ነው፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ይጀምራልና ስልኩ ሌሊት ከአንቺ ዘንድ ይደር።

«ቦራና ሶኑ ሊጋቡ ሲሉ የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው ተብሎ ችግር ይፈጠራል። ዘመዳሞች አይደሉም፤ ታዲያ ምን አገባቸው?» — ከደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጠህ ይህን መጠየቅህ ገረመኝ፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ በማይታሰብበት አገር! ሁለቱም ሶንግ ናቸው። ኮሪያ ውስጥ የቤተሰብ ስም ብቻ ሳይሆን የጎሳው መነሻ ቦታም ይቆጠራል፤ ስሙም መነሻውም አንድ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 809 ጋብቻ የተከለከለ ነበር። የእኛ ቆጠራ ሰባት ላይ ያበቃል፤ የእነሱ ግን ማብቂያ አልነበረውም። ሁለት ሰዎች ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ከነበረ አንድ አያት ከወረዱ አልቆላቸዋል። በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አንድ ስምና አንድ መነሻ በሚጋራበት አገር ይህ ምን ያህል ጥንዶችን እንዳሰቃየ አስበው። ልጅ ወልደው በሕግ ባልና ሚስት መባል ያልቻሉ ነበሩ። መንግሥት በ1978፣ በ1988 እና በ1996 ለአንድ አንድ ዓመት ብቻ በር ከፍቶ እንዲመዘገቡ ፈቅዶ ነበር። በ1997 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ክልከላው ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጣጣምም አለ፤ ሕጉ የተሻሻለው ደግሞ በ2005 ነው። ስለዚህ በድራማው ዘመን የእናቶቹ ድንጋጤ ከንቱ አልነበረም።

በዚያ ላይ የሶኑ እናት ሶንዮንግ የቴክን አባት አግብታለች፤ ሶኑና ቴክ ወንድማማች ሆነዋል፤ እነሱ ደግሞ ሁለቱን እኅትማማች ሊያገቡ ነው። የትኛዋ እናት ለየትኛዋ ምን እንደምትሆን ወረቀት አውጥቼ ነው የተረዳሁት።

«ጨረስኩት፤ አሁን ባዶ ሆኛለሁ። ቀጥሎ ምን ልይ?» — ብዙ አንባቢያን

«ሪፕላይ 1997» (በ2012 የወጣ) እና «ሪፕላይ 1994» (በ2013 የወጣ) የዚሁ ድራማ ታላላቆች ናቸው። ሁለቱም ባሏ ማን ነው በሚል እንቆቅልሽ ላይ የቆሙ ስለሆኑ የሪያዷ እኅቴ አትንካቸው። እኔ የምመርጥላችሁ እነዚሁ ደራሲና አዘጋጅ በ2020 እና በ2021 በሁለት ምዕራፍ ያወጡትን «ሆስፒታል ፕሌይሊስት» ነው፤ አምስት የድሮ የሕክምና ተማሪዎች በአርባዎቹ ዕድሜያቸው አንድ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ፣ ጊዜ ሲያገኙ ተሰብስበው ሙዚቃ ይጫወታሉ። እዚያም ይበላሉ፤ እንዲያውም እንደ እነሱ ፈጥኖ የሚበላ ሐኪም አላየሁም። የወህኒ ቤት ታሪክ የሚወድ ደግሞ በ2017 የጀመረውን የዚያኑ አዘጋጅ «ፕሪዝን ፕሌይቡክ» ይሞክር። ዋናው ሰው ሊታሰር በማይገባው ነገር የታሰረ የቤዝቦል ተጫዋች ነው፤ ስለ ቤዝቦል ምንም አለማወቅ አያስቸግርም፣ እኔም አላውቅም።